ሰማንያ ሰባተኛዋ ወረቀት

ሰኞ 3፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ስሚኝማ ደብተሬ፣ ዛሬ ሹመት አገኘሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተወካይ ምርጫ ድምፅ ቆጣሪ ሆኛለሁ! የሥነ ዜጋ መምህራችን ሲጠሩኝ እኔ በመስኮት ወጥቼ ነበር። ሰውነቴ ዴስኩ ላይ ነው፤ ልቤ ግን የውሃ ታንከሩ ላይ ከተቀመጠች አንዲት እርግብ ጋር ወግ ይዟል። "ደመና!" ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

"ለምን እኔ?" ብላቸው፣ "ለማንም አታደዪም፤ ግማሹን ቀን እዚህ የለሽም" አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁም።

ደመና ብላ ስም ያወጣችልኝ ጡሩንባ ናት፣ አንደኛ ክፍል ሳለን። ጡሩንባ ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ቤታቸው ሆና ስታወራ ሦስት ቤት አልፎ እኛ ሳሎን ይሰማል፤ አባዬ "ሬዲዮኑን ቀንሱት" ይላል። እሷ እያወራች፣ እኔ እየሰማሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ እሷና ብሎን። ብሎን ማለት ኪሱ ከመፍቻ ተለይቶ የማያውቅ፣ ወንበር ሲንቋቋ ከሰማ ትምህርቱን ትቶ የሚንበረከክ ልጅ ነው። ዋና ስሙን ከመዝገብ ቤት በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለዚህም መምህሩ "በቅጽል ስም መጻፍ ይቻላል" ብለው ፈቅደዋል።

ያሸነፈው ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል። በወጣቶች ምክር ቤት ወንበር ይሰጠዋል፤ ትምህርቱንም እዚያው አዳሪ ሆኖ ይጨርሳል። ዓመት ከመንፈቅ መሆኑ ነው። ጡሩንባ ከአሁኑ የአክስቷን ሻንጣ ተውሳለች።

ጥሩ ነው። ለሷ ጥሩ ነው።

ረቡዕ 5

የቤት ሥራ፦ "ዜጋ ማለት ለእኔ"፣ ሦስት ገጽ። እስካሁን የጻፍኩት ርዕሱን ብቻ ነው፤ ርዕሱ ግን በጣም ያምራል። አባዬ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ስለሆነ ፊደል የለየሁት ብሩሽ ይዤ ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ጅራቷን ወደ ላይ ሳላዞር እጄ ከወረቀት አይነሳም።

ዛሬ ቧንቧው ጋ ተሰልፌ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ከስድስቱ ቧንቧ የሚሠሩት ሁለት ስለሆኑ የግቢው ወሬ ሁሉ ያለው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው።

"ዲሞክራሲ ማለት ብዙኃኑ ያለው ይሆናል ማለት ነው" አለች አንዷ።

"ብዙኃኑ ሒሳብ ይቅር ካለስ?"

"ኧረ ይቅር! እጄን ቀድሜ የማወጣው እኔ ነኝ!"

"ዲሞክራሲ ማለት ተሸንፎ አለማኩረፍ ነው" አለ የኳስ ቡድኑ አምበል ከኋላ።

"አንተ ባለፈው ተሸንፈህ ኳሱን ይዘህ ቤትህ ሄደህ የለም እንዴ?"

"ኳሱ የኔ ነዋ!"

ሳቄ መጣ። ለጡሩንባ ልነግራት ዞር ስል የለችም። ንግግሯን እያጠናች ነው። ሰሞኑን ሥራ በዝቶባታል።

ዓርብ 7፣ ዝናብ

የምረጡኝ ንግግር ነበር። ጡሩንባ ያለ ድምፅ ማጉያ ሃያ ደቂቃ ተናገረች። "ከዚህ ግቢ ሐኪም ይወጣል፣ ዳኛ ይወጣል፤ ግን አንዳችን ደርሰን ሌላችን ከቀረን ደረስን አይባልም!" ስትል እኔ እንኳ፣ ትናንት አሥር ጊዜ የሰማሁት፣ ቆዳዬ ሽምቅቅ አለ። ጣሪያውን የሚደበድበው ዝናብ ራሱ እሷን ለመስማት ዝም ያለ መሰለኝ።

ከዚያ እንደ ልማዴ ጠፋሁ። ቀይ ወንበር የሞላበት ትልቅ አዳራሽ ታየኝ። እሷ መሃል ላይ ቆማለች፣ ሱፍ ለብሳለች፣ መብራቱ ፀጉሯ ላይ ያርፋል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ራሴን ፈለግሁ። ፊት ወንበር የለሁም። በረንዳው ላይ የለሁም። በር ላይ ካፖርት ከሚቀበሉት ጋር እንኳ የለሁም።

ስመለስ ብሎን እየተናገረ ነው። "ከስድስቱ ቧንቧ አራቱ አይሠሩም። ጎማቸው አልቆ ነው። ከተመረጥኩ እቀይራለሁ። ካልተመረጥኩም እቀይራለሁ፣ ግን ይቆያል።" ብሎ ተቀመጠ። አለቀ!

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሳስበው፣ ቧንቧ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃ የሁሉም ነው። ተወካይ የሚባለውም የጋራውን ነገር የሚያስብ ነው። በደንብ አስቤበታለሁ።

ሰኞ 10፣ እራት ሳይቀርብ

መራጭ ሰማንያ ሰባት። ፊርማ ሰማንያ ሰባት። ወረቀት ሰማንያ ሰባት፤ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ፣ ከአባዬ ትርፍራፊ። እኔ እየገለጥኩ እጠራለሁ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጭረት ያሰምራሉ፣ ሌላው ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ ይቀመጣል። ምስጢር ነዋ።

አሁን ጉዱን ስሚ። መምህሩ አንድ ነገር ረስተዋል፤ እኔም እስከ ሦስተኛዋ ወረቀት ድረስ አልታየኝም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የዚህን ልጅ ሁሉ የቤት ሥራ ደብተር የምሰበስበው እኔ ነኝ። ወረቀቷን ስገልጥ ብቅ የሚለው ስም አይደለም፣ ሰው ነው! አምበሉ ደረቱ ላይ "ጡሩንባ" የሚል ወረቀት ለጥፎ ሲዞር ሰንብቶ "ብሎን" ብሎ ጽፏል። ብሎን ሲናገር ሆዷን ይዛ የሳቀችው ልጅ "ብሎን" ብላ አጠገቡ ትንሽ አበባ ሥላለታለች። ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌ መጥራት ነው እንግዲህ።

ጡሩንባ ራሷ የጻፈችው "ብሎን" ነው። ብሎን ደግሞ "ጡሩንባ" ብሏል። እኛ ትምህርት ቤት ተወዳዳሪ ለራሱ ድምፅ ከሰጠ ነውር ነው፤ ማንም ደንብ አድርጎ አልጻፈውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ እሷ ለሱ ከሰጠች ሌላ ሰው ቢሰጠው ምን ክፋት አለው? ለማለት ያህል ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ አንዷን ስገልጥ ድምፄ ተያዘ። መምህሩ "ምነው?" አሉኝ። ጉንፋን ሳይጀምረኝ አልቀረም።

ብሎን አርባ አራት። ጡሩንባ አርባ ሦስት።

ፈገግ ብላ ጨበጠችው። አላኮረፈችም። ከዚያ እጄን ጎትታ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰደችኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። "አንድ ሰው፣ ደመናዬ! አንድ ሰው! ማን ይሆን ግን?"

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ማለቴ፣ ቆጣሪ ምስጢር መጠበቅ አለባት።

ማክሰኞ 11

በችኮላ። ልዩነቱ ከሦስት ካነሰ ደንቡ ድጋሚ ይቆጠር ይላል። ሰኞ ነው። በዚህኛው ተወዳዳሪዎቹ እያንዳንዷን ወረቀት በእጃቸው ይዘው ያያሉ።

በእጃቸው።

ጡሩንባ የኔን ፊደል ከሺህ መሃል ታወጣዋለች። ይህን ለምን እንደጻፍኩ እንጃ። ደወል ተደወለ።

ሐሙስ 13፣ ዝናብ

ሳጥኑ ያለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ክፍል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ክፍሏ ታፈሳለች። ወረቀቱ ቢረጥብስ ብዬ ልቤ አላርፍ አለ፤ ቆጣሪ ነኝ፣ ኃላፊነት አለብኝ።

እማማ ቁልፍ የምንላቸው የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያቸውን አስደግፈው ከፈቱልኝ። የግቢው በር ሁሉ በሳቸው ወገብ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ከሩቅ ሲመጡ እንደ ደወል ይሰማሉ። "አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ፣ ግቢ" አሉኝና ወደ ኮሪደሩ ዞሩ።

ሳጥኑ ደረቅ ነበር። ብዙም አልቆየሁም።

ስወጣ "አገኘሽው?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"እንጃ፣ ፊትሽ የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው ፊት ነው" አሉ። ዝናቡ ውስጥ ሮጥኩ። መዝገበ ቃላቴን እንዳይረጥብ ደረቴ ላይ አቅፌው ነበር።

ዓርብ 14

ምንም።

እሑድ 16

አባዬ ለዳቦ ቤቱ አዲስ ሰሌዳ እየጻፈ ቀለም እያማሰልኩለት ዋልኩ። እንደዚህ ሲሆን ደስ ይለኛል። ቢጫው ቀስ እያለ ይዞራል፣ እኔም አብሬው እዞራለሁ፣ ማንም አይጠራኝም።

"ፊደል እንደ አረማመድ ነው" አለ ብሩሹን እየጠረገ። "ሰውዬው ጀርባውን ቢሰጥሽ ከአረማመዱ ታውቂዋለሽ። ያንቺን እኔ በጨለማ አውቀዋለሁ።"

"ሰው አጻጻፉን መቀየር አይችልም?"

"ይችላል። ግን ሲቸኩል ብቻ ነው የሚችለው። ረጋ ብሎ ከጻፈ፣ ራሱን ነው የሚጽፈው።" ቀና ብሎ አየኝ። "ምነው?"

"እንዲሁ ነው።"

እማዬ ከጓዳ፣ "ጓደኛሽስ ምነው ጠፋች? ቤቱ ጭር አለብኝ እኮ" አለች።

መዝገበ ቃላቱን ትራሴ ሥር አስገባሁት። ከዚያ አወጣሁት። ከዚያ መደርደሪያው ላይ፣ ከሌሎቹ መጻሕፍት መሃል።

ሰኞ 17

ብሎን አርባ ሦስት። ጡሩንባ አርባ ሦስት። ወረቀት ሰማንያ ስድስት።

መምህሩ ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። ፊርማውን ቆጠሩ። ሰማንያ ሰባት። ሳጥኑን ገልብጠው መቱት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ እንዲህ ሲያረጁ አይቻቸው አላውቅም።

"አንድ ድምፅ ተሰርቋል" አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ግን የወደቀ ብርጭቆ ይመስል ነበር።

ቁልፉ ያለው እማማ ቁልፍ ጋ ብቻ ነው። ተጠርተው መጡ። "ማን ገባ?" ተባሉ።

ወደኔ እንኳ አላዩም። "ማንም" አሉ።

ረስተውት ይሆናል።

ረቡዕ 19

እማማ ቁልፍ ምንም ነገር አይረሱም። የግቢውን ልጅ ሁሉ ልደት ያውቃሉ።

ቁልፎቻቸውን ተነጥቀው በር ላይ ባዶ ወገባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲራመዱ አይሰሙም። ተማሪው ሲያልፍ ይንሾካሾካል። "ብሎን ራሱ ከፍሏቸው ነው፣ እሷን ሊያስጠረጥር" ይላሉ እነዚያ። "ኧረ የጡሩንባ ሰዎች ናቸው፣ ማን ተጠቀመ?" ይላሉ እነዚህ። ቧንቧው ጋ ሁለት ሰልፍ ሆኗል፤ የሷ ደጋፊና የሱ ደጋፊ፣ አንድ አንድ ቧንቧ ይዘው። መምህሩ ነገ ከሰዓት ለክፍሉ ሁሉ የሚነግሩት አለ ተብሏል። እማማ ቁልፍ ከሥራ ይወጣሉ፣ ምርጫውም ይደገማል ነው ወሬው።

ጡሩንባ ግን ሻንጣዋን እንደገና አውጥታለች። "ይደገማል! በሁለተኛው ቢያንስ አምስት ሰው እቀይራለሁ። አንቺ ደግሞ ፖስተር ትጽፊልኛለሽ፣ እሺ? በዚያ በሚያምረው ፊደልሽ።"

"እሺ" አልኳት።

እሺ አልኳት!

ሐሙስ 20፣ ሊነጋጋ ሲል

ጉም ወርዷል። የመንገዱ መብራት አንድ በአንድ ሲጠፋ በመስኮት አያለሁ፤ አገሩ በሙሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሕልም አይቻለሁ። ሰማንያ ሰባቱ ወረቀቶች ክንፍ አውጥተው ከሳጥኑ ይወጣሉ፣ በግቢው ላይ ይዞራሉ፣ እያንዳንዳቸው ሄደው ጸሐፊያቸው ትከሻ ላይ ያርፋሉ። ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ ይሄዳል። አንዷ ብቻ ማረፊያ አጥታ ስትዞር፣ ስትዞር፣ እማማ ቁልፍ እጃቸውን ዘርግተው "ነይ፣ የቤት ልጅ" አሏት።

ሰው የፈለገውን መምረጥ መብቱ ነው። እሱን መምህሩ አስተምረውናል፣ ፈተናም ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቻለሁ። ስለዚህ የጻፍኩት ስህተት አይደለም። ለውሃው ብዬ ነው የጻፍኩት። ቧንቧው...

የሚያሸንፈው እኮ ይሄዳል። ይህን የማውቀው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ብሎን ካሸነፈ ብሎን ይሄዳል። ታዲያ ቧንቧውን ማን ሊሠራው ነበር?

እስከ ዛሬ ጠዋት ይህን አላሰብኩም ብል ማን ያምነኛል።

ነጋ። እማዬ ተነሥታለች። መዝገበ ቃላቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ሐሙስ 20፣ ከሰዓት

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።

መምህሩ ንግግራቸውን ሳይጀምሩ ተነሣሁ። መዝገበ ቃላቱን ከፍቼ ወረቀቷን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኳት።

"የት ነበረች?"

"እኔ ጋ። ሐሙስ ዕለት ወሰድኳት። እማማ ቁልፍ አያውቁም፤ ሳጥኑን ልይ ብዬ ነው የገባሁት።"

"ለምን?"

ወረቀቷን በጣቴ ወደሳቸው ገፋ አደረግኋት። ያኔ ጡሩንባ ከኋላ ተነሥታ መጣች። ወረቀቷን አነሣች። አየቻት። አገላብጣ አየቻት፣ ጀርባዋ ላይ ሌላ ነገር የሚኖር ይመስል።

"የደመና ጽሑፍ ነው" አለች።

ኋላ የተቀመጡት "ምን አለች? ምን አለች?" ተባባሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የጡሩንባ ድምፅ የኋላው ወንበር ሳይደርስ ሲቀር የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ክፍሉ ተናጠ። "ከሳጥን የወጣ ድምፅ አይቆጠርም!" "ታዲያ ደግማ ትምረጥ!" "እሷማ ሁለተኛ እንዳትመርጥ!" አምበሉ ወንበር ላይ ወጥቶ ስለ ፍትሕ ሲናገር ወንበሩ ተወላገደ፤ ብሎን ሳያስበው ተንበርክኮ ያዘለት። መምህሩ እንዲናገር የፈለገ ሁሉ ተራ በተራ እንዲናገር ፈቀዱ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ማንም ሰዓት አላየም።

መጨረሻ ላይ ጡሩንባ እጇን አወጣች። "ይቆጠር" አለች። "ስትጽፈው ማንም አላስገደዳትም።"

አርባ አራት ለአርባ ሦስት።

ስንወጣ ልነካት እጄን ዘረጋሁ። "ስሙን እንዴት አሳምረሽ ነው የጻፍሽው ግን" አለችኝ፣ ዓይኗ ሞልቶ። "ምናለበት ትንሽ እንኳ ብታንጋድጂው።"

ዓርብ 21

እማማ ቁልፍ ከነቁልፋቸው ተመልሰዋል። መምህሩ በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋቸው። እኔም ሄድኩ። "ለምን አልተናገሩብኝም?" አልኳቸው።

"ፊትሽን አይቼ ነው። መልሰሽ ታመጫለሽ ብዬ። ትንሽ ግን አስጠበቅሽኝ፣ ወገቤን በረደኝ እኮ።"

ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

ቆጣሪነቴም የደብተር ሰብሳቢነቴም ቀርቷል። ሲያንሰኝ ነው።

ሐሙስ 27

ጡሩንባ መስኮቱ ጋ ሌላ ዴስክ ይዛለች። በመስኮት ለመውጣት በሷ ፊት ማለፍ አለብኝ፤ ስለዚህ ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ነኝ። ትምህርት ገባኝ፣ እንዴት ያለ ጉድ ነው።

"ዜጋ ማለት ለእኔ" ያልኩትን አስረከብኩ። ሦስቱም ገጽ ስለ እማማ ቁልፍ ሆነ። መምህሩ "ርዕሱ ያምራል። ቀሪው ዘግይቷል፣ ግን ደርሷል" ብለው መለሱልኝ።

ሰኞ 8፣ በአዲሱ ወር

ብሎን ሄደ። አውቶቡሱ ጋ ሸኘነው። ከመሳፈሩ በፊት ሁለት ቧንቧ ጠግኗል፤ ሁለቱ ቀርተዋል። መፍቻውን አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ።

"ለኔ? ለምን?"

"አንቺ ለቧንቧው ብለሽ ነው አይደል የመረጥሽኝ?" አለኝ፣ የዋህ ነው እኮ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። "ግራ ዞሮ ይፈታል፣ ቀኝ ዞሮ ይጠብቃል። ሌላ ነገር የለውም።"

ጡሩንባ ማዶ ቆማ ነበር። አየችኝ። መፍቻውን አየች። ሄደች።

ዓርብ 12፣ ከሰዓት

የደረቀውን ቧንቧ ይዤ እየታገልኩ ነው። ቀኝ ያለኝን ግራ አዙሬ ውሃው ፊቴ ላይ ፈነዳ፤ እስከ ካልሲዬ በሰበስኩ።

"ኧረ እሷን ሰው ይርዳት!" የሚል ድምፅ ግቢውን ሞላው። ታንከሩ ላይ ያሉት እርግቦች ሁሉ ተነሡ።

መጣችና የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "አላናግርሽም" አለች።

"እሺ።"

"ድምፅሽ አይደለም ያቃጠለኝ። ምረጪ፣ መብትሽ ነው። ግን ለምን አልነገርሽኝም? እከራከርሽ ነበር። አሸንፍሽ ነበር!"

"ለዚህ ነዋ።"

"ምን ለዚህ ነዋ?"

"ካሸነፍሽኝ ትሄጃለሻ።"

ዝም አለች። ጡሩንባ ዝም አለች! ውሃው ብቻ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ፀሐይዋ ጠብታዋ ውስጥ ገብታ አብራት ትወድቃለች፣ እንደገና ትሠራለች፣ ትወድቃለች። ስንት ጠብታ እንዳየን አላውቅም።

"ጅል" አለች በመጨረሻ። "ሌላም ዕድል ይመጣል። ያን ጊዜ እሄዳለሁ፣ እወቂው። አንቺም ፖስተሩን ትጽፊልኛለሽ።"

"እጽፍልሻለሁ።"

"ከሱ ስም አሳምረሽ።"

"አሳምሬ።"

"እስከዚያ አላናግርሽም። ቧንቧው ተሠርቶ እስኪያልቅ። አንድ ቃል!" ከዚያ ስለ አምበሉ ነገረችኝ፣ ስለ አክስቷ ሻንጣ ነገረችኝ፣ እኔ በሌለሁበት ሳምንታት የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ፤ እማማ ቁልፍ በሩን ሊዘጉ ቁልፋቸውን እያንሿሹ እስኪመጡ ድረስ።

ቧንቧው ገና ነው። ነገም እመለሳለሁ። እንዴት እንደሚጠብቅ ገብቶኛል፣ ቀላል ነው።

ግን አልቸኩልም።